የተሸነፈው ጀግና፤ ስለ ቲኦክራሲና ስለ ፓወር ሜታል

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ መጽሐፍ ወይም ስለ አገራችን የመዝሙር አልበም ነው። ዛሬ ግን በአንዳንዶቻችሁ ስልክ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር፣ እናት ወይም የኅብረት መሪ በር ሲከፍት ድምፁ ስለሚቀነስ ሙዚቃ እንነጋገር። ስሙ ፓወር ሜታል ነው። ከዘውጉ ባንዶች መካከል ደግሞ ቲኦክራሲ የተባለውን አሜሪካዊ ባንድ መርጫለሁ። ከመጀመሪያው ልናገርና፣ ይህን ባንድ እወደዋለሁ። የምወደው ጊታሩ ስለፈጠነ ወይም የዘማሪው ድምፅ ሰማይ ጥግ ስለደረሰ ብቻ አይደለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ የድል ዘፈን በሆነ ዘውግ ውስጥ ጀግናውን መሬት ላይ ስለሚጥለው ነው።

ዘውጉን ለማታውቁት በአጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ሄቪ ሜታል የእንግሊዝ ልጅ ነው። እነ ጁዳስ ፕሪስትና አይረን ሜይደን ያደረሱትን መንገድ ይዞ ፓወር ሜታልን ያሳደገችው ግን ጀርመን ናት። የሃምቡርጉ ሄሎዊን እ.ኤ.አ. በ1987 እና በ1988 በሁለት ክፍል ያወጣው «ኪፐር ኦቭ ዘ ሰቨን ኪይስ»፣ በእኛ ቋንቋ «የሰባቱ ቁልፎች ጠባቂ»፣ ለዘውጉ መሠረት የጣለ አልበም ነው። ከዚያ በኋላ የጀርመኑ ብላይንድ ጋርዲያን፣ የፊንላንዱ ስትራቶቫሪየስ፣ የጣሊያኑ ራፕሶዲ እያሉ ይቀጥላሉ።

ድምፁ እንዴት ነው? ድራመሩ በሁለት እግሩ ሁለት ፔዳል ይረግጣል። የዘፈኑ ፍጥነት በደቂቃ 180 ምት ቢሆንና በእያንዳንዱ ምት አራት ጊዜ ቢረግጥ፣ በደቂቃ 720፣ በሰከንድ 12 ጊዜ ማለት ነው። መጀመሪያ ለሚሰማው ሰው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ በረዶ ይመስላል። በዚህ በረዶ ላይ ሁለት ጊታሮች አንድ ዜማ ይዘው ይሮጣሉ፤ አንዱ ዜማውን ሲይዝ ሌላው ከላዩ ሆኖ ይከተለዋል፣ በኳየር ሶፕራኖና አልቶ ተያይዘው እንደሚሄዱት ማለት ነው። ዘፋኙ እንደ ሌሎች የሜታል ዘውጎች አያጉረመርምም፤ ድምፁ ከፍ ያለና የጠራ ነው፣ ቃሉም ይሰማል። አዝማቹ ሲደርስ ሁሉም ነገር ይሰፋል፤ ብዙ ድምፆች ይደራረባሉ፣ ዜማው አንዴ ሰምቶ የሚያዝ ይሆናል፣ በመጨረሻው ዙር ደግሞ ኪይ ይቀየርና አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ይህች ብልሃት ለእኛ እንግዳ አይደለችም። እሑድ ጠዋት ኪቦርድ የሚጫወት ወንድም ሁሉ ያውቃታል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ መሣሪያ የሚዘጋጀው ለምንድን ነው? ለድል ነው። የዘውጉ ግጥም ሰይፍ፣ ዘንዶ፣ ንጉሥ፣ ተራራና ጦርነት ይወዳል። ተራኪው ይነሣል፣ ይዋጋል፣ ያሸንፋል፤ ሕዝቡም አዝማቹን ተቀብሎ ከእርሱ ጋር ያሸንፋል። (ብላይንድ ጋርዲያን እ.ኤ.አ. በ1998 በቶልኪን «ሲልማሪሊዮን» ላይ ተመሥርቶ የሠራው አልበም ክህደትና ውድቀት የሞላበት ስለሆነ ከዚህ ደንብ ይወጣል፤ ስለ እርሱ ሌላ ጊዜ ብንጽፍ ደስ ይለኛል።) ችግሩ ሰይፉና ዘንዶው ላይ አይደለም፤ መዝሙረ ዳዊትም ሰይፍና ዘንዶ ያውቃል። ችግሩ «እኔ» የሚለው ቃል ላይ ነው። በአብዛኛው ፓወር ሜታል ውስጥ «እኔ» የሚለው ሰው ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ ጀግና ነው። ሊያፍር፣ ሊጠፋ፣ ሊለምን አይችልም። ሙዚቃው ራሱ አይፈቅድለትም፤ እግሩ ሥር በሰከንድ 12 ጊዜ የሚመታ ድራም ያለው ሰው እንዴት አድርጎ አንገቱን ይደፋል?

ቲኦክራሲ የገባው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። ባንዱን እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረተው ማት ስሚዝ ይባላል፤ ከተማቸው በጆርጂያ ግዛት ያለችው አቴንስ ናት፣ የግሪኳ እንዳትመስላችሁ። በ2003 የወጣው የመጀመሪያ አልበም ግን የባንድ ሥራ አልነበረም። ስሚዝ ብቻውን ጊታሩንም፣ ቤዙንም፣ ኪቦርዱንም ተጫውቶ፣ የኳየሩን ድምፅ ሁሉ የራሱን ድምፅ ደጋግሞ በመቅዳት ሠራው። ድራሙ በኮምፒውተር የተቀናበረ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ በ2013 አልበሙ በእውነተኛ ድራመር እንደገና ተሠርቶ ወጣ። ሁለቱን አነጻጽራችሁ ብታደምጡ ለድራም የሰው እግር ምን እንደሚጨምርለት ትረዳላችሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ላይ ያለውን ምት ተጭኖ መዝሙር ለሚመራ ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት ነው።

ስለ ስሙ አንድ ቃል። ቲኦክራሲ ማለት የእግዚአብሔር አገዛዝ ማለት ነው። ቃሉን የፈጠረው በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ ነው፤ «አፒዮንን በመቃወም» በተባለው ሥራው ላይ ሙሴ ለእስራኤል የሰጠውን ሥርዓት ለግሪክ አንባቢ ለማስረዳት ተጠቀመበት። ዛሬ ቃሉ ሲነገር ብዙ ሰው የሚያስበው በሃይማኖት ስም ሌላውን የሚጨቁን መንግሥት ነው። ስለዚህ ስሙ ያለ ማብራሪያ የሚያስደነግጥ ስም ነው። ዘፈኖቹን ስትሰሙ ግን የሚገዛው ግዛት አገር እንዳልሆነ ይገባችኋል። አንድ ልብ ነው፤ እርሱም አልገዛም ብሎ የሚታገል ልብ።

ክርስቲያን ሆኖ ሜታል መጫወት በእነርሱ አልተጀመረም። የካሊፎርኒያው ስትራይፐር በ1980ዎቹ ቢጫና ጥቁር ለብሶ ወደ ታዳሚው አዲስ ኪዳን ይወረውር ነበር፤ ስሙንም ያያዘው ከኢሳይያስ 53፥5 ጋር ነው። የስዊድኑ ናርኒያ ስሙን ከሲ. ኤስ. ሉዊስ መጻሕፍት ወስዷል። እነዚህ በር ከፋቾች ናቸው፣ ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያደረጉት ነገር የዘውጉን ልብስ ወስዶ በላዩ ላይ የኢየሱስን ስም መጻፍ ነው። ጀግናው ያው ጀግና ነው፤ ዘንዶው ሰይጣን ተባለ፣ ሰይፉ ቃሉ ተባለ፣ የሚያሸንፈው ግን አሁንም «እኔ» ነኝ። ይህ ስህተት ነው አልልም። ለጠለቀ ግጥም ግን አይበቃም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ቲኦክራሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ሁለተኛ አልበም «ሚረር ኦቭ ሶውልስ» ይባላል፣ «የነፍሶች መስተዋት» እንበለው። ስምንት ዘፈን አለው፤ የመጨረሻው፣ የአልበሙን ስም የያዘው፣ ብቻውን ከ22 ደቂቃ በላይ ይረዝማል። ታሪኩ ምሳሌያዊ ነው። የነፍስን እውነተኛ መልክ የሚያሳይ መስተዋት አለ። ተራኪው ከፊቱ ይቆማል። ያየው ነገር ያስደነግጠዋል። መዳኑም ከራሱ አይመጣም፤ ከክርስቶስ ይመጣል። በአራት ዓረፍተ ነገር ጨረስኩት፤ ምሳሌያዊ ታሪክ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ጆን ቡንያን እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመውን የመንገደኛውን የክርስቲያንን ታሪክም በአራት ዓረፍተ ነገር መጨረስ ይቻላል። ቁም ነገሩ መንገዱን አብሮ መሄድ ላይ ነው።

እስቲ ይህን መንገድ አብረን እንየው። አንድ የፓወር ሜታል ተራኪ መስተዋት ፊት ሲቆም ምን እንጠብቃለን? የጦር ልብሱን፣ ዘውዱን፣ የሚያበራ ዓይኑን። ዘውጉ ለብዙ ዓመታት ያንን መስተዋት ነው የሸጠልን። ስሚዝ ግን መስተዋቱን አዞረው። ያው ፈጣን ድራም አለ፣ ያው ጊታር አለ፣ ያው ከፍ ያለ ድምፅ አለ፤ ነገር ግን በሌሎች ባንዶች የሚያሳድድ የነበረው ፍጥነት እዚህ ሲደርስ የሚያሳድደው ተራኪውን ራሱን ይመስላል። እኔ እንደሰማሁት፣ የዚህ ዘፈን ትልቁ ግኝት ይህ ነው። መሣሪያ አልቀየረም፣ ድምፅ አልቀነሰም፤ ድራሙ ለማን እንደሚመታ ብቻ ቀየረ። የጀግና ፈረስ ኮቴ የነበረው የሸሸ ሰው የልብ ምት ሆነ።

አዲስ ኪዳን ውስጥ ሁለት የታወቁ መስተዋቶች አሉ። አንደኛው በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 1 ያለው ነው፤ ሰው ፊቱን አይቶ ይሄዳል፣ ወዲያው ምን እንደሚመስል ይረሳል። ሁለተኛው በ2ኛ ቆሮንቶስ 3፥18 ያለው ነው፤ በዚያኛው የሚታየው የጌታ ክብር ነው፣ የሚያየውም ሰው ወደዚያ መልክ ይለወጣል። ስሚዝ እነዚህን ጥቅሶች አስቦ ይጻፈው አይጻፈው ለክርክር አላቀርብም፤ እኔ ዘፈኑን የምሰማው ግን ከአንዱ መስተዋት ወደ ሌላው እንደሚደረግ ጉዞ ነው። እዚህ ላይ ርዝመቱ ትርጉም ያገኛል። የያዕቆቡ ሰው ችግር ቶሎ መሄዱ ነው። በአራት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ ኃጢአትን ማየት፣ መደንገጥ፣ ንስሓ መግባትና መዘመር ይቻላል፤ ብዙ መዝሙሮች ያደርጉታል፣ ከዚያም እንወጣና እንረሳለን። 22 ደቂቃ ግን ያስቀምጣችኋል። መሰልቸት ይመጣል፣ ምቾት ማጣት ይመጣል፣ «መቼ ነው አዝማቹ?» ማለት ይመጣል። ያ መጠበቅ የግጥሙ አካል ነው። መጨረሻ ላይ ድምፆቹ ሁሉ ተደራርበው ሲነሡ የዘውጉ የድል ቋንቋ ተመልሶ ይመጣል፣ አሁን ግን ድሉ የተራኪው አይደለም፤ የተራኪው ድርሻ መሸነፍ ነበር፣ እርሱንም በሚገባ ተሸንፏል።

በዚያው አልበም ላይ «ማርተር»፣ ማለትም «ሰማዕት»፣ የሚል ዘፈን አለ። በአሜሪካ አንድ ወጣት ይህን ርዕስ ሲሰማ የሩቅ ነገር ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን በሌላ ጆሮ ነው የምንሰማው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. የተገደሉባት አገር ልጆች ነን፤ ከአያቶቻችሁና ከወላጆቻችሁ መካከል በደርግ ዘመን በዝግ ቤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የዘመሩ አሉ፤ ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ለዓመታት ታስሮ ነበር። ስለዚህ እዚህ ላይ በባንዱ ላይ ጥያቄ አለኝ። ሰማዕትነትን በሙሉ ድምፅ፣ በሙሉ ፍጥነት መዘመር ይቻላል ወይ? የሞተው ሰው ሲጮህ አልሞተም፤ ብዙውን ጊዜ በጸጥታ ነው የሄደው። ዘፈኑ ኃይል አለው፣ አልክድም። የእስር ቤት ዝማሬን ለሚያውቅ ሕዝብ ግን አንድ ጊታር ብቻውን የሚናገረውን ነገር ይህ ሁሉ መሣሪያ ተሰብስቦ አይናገረውም።

ከዚህ ጉድለት ጋር ተያይዞ ሌላው ይነሣ። ቲኦክራሲ ዝም ማለት አይችልበትም። ቃላቱ ይበዛሉ። ስሚዝ የሥነ መለኮት ሐሳብ ሲኖረው ሙሉውን ሊነግረን ይፈልጋል፤ ስንኙ ይጨናነቃል፣ ዜማው ቃል ለመሸከም ሲል ይጎብጣል። ቅኔ የሚወድ ሕዝብ ይህን ቶሎ ያስተውላል፤ ሰሙ ሳይነገር ወርቁ ከተነገረ ለሰሚው ምን ሥራ ተረፈለት? የዚህ ምሳሌ በ2023 በወጣው «ሞዛይክ» በተባለው አልበም ላይ ያለው «ላየር፣ ፉል፣ ኦር መሳያ» ነው፤ «ውሸታም፣ ሞኝ፣ ወይስ መሲሕ» ማለት ነው። ርዕሱ ብቻውን ክርክሩን ይናገራል። ሉዊስ «ሚር ክርስቲያኒቲ» በተባለው መጽሐፉ የታወቀበት ክርክር ዘመድ ነው፤ ራሱን አምላክ ያለ ሰው ወይ ውሸታም ነው፣ ወይ አእምሮው የታወከ ነው፣ ወይ እውነቱን ነው የሚል። ክርክሩን እወደዋለሁ፤ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያላችሁ ተጠቅማችሁበት ይሆናል፤ «ወንጌላቱስ የተጻፉት በእውነት እርሱ ያለውን ነው ወይ?» የሚል አራተኛ ጥያቄ ይዞ የመጣ ጓደኛም አጋጥሟችሁ ይሆናል። መጽሐፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ገጽ አለው። ዘፈን የለውም። ዘፈን ክርክር ሲሆን የሚያሸንፈው አስቀድሞ የተስማማውን ሰው ብቻ ነው።

ከ«መስተዋቱ» ቀጥሎ የምመርጠው «አይ ኤም» የሚለውን ነው፤ በ2011 የወጣውን «አዝ ዘ ወርልድ ብሊድስ» የተባለውን አልበም የሚከፍት ዘፈን ነው፣ ወደ 11 ደቂቃ ይወስዳል። ርዕሱ እግዚአብሔር ለሙሴ በሚነደው ቁጥቋጦ የነገረው ስም ነው። ልብ በሉ፣ በዚህ ዘውግ ውስጥ «እኔ» የሚለውን ቃል ለባለቤቱ የመለሰ ርዕስ ነው። ቅድም የጀግናው ችግር «እኔ» ማለቱ ነው ብዬ ነበር፤ እዚህ ቃሉ ከጀግናው አፍ ይወሰድና «እኔ» ማለት ለሚገባው ይሰጣል። በንግግር ስናገረው ቀላል ይመስላል፤ ያ ሁሉ ድራምና ኳየር ከበስተጀርባው ሲነሣ ግን ሙዚቃው በመጨረሻ ለራሱ የሚመጥን ተናጋሪ ያገኘ ያህል ነው። በሰው «እኔ» ላይ የተጋነነ የሚመስለው ሁሉ በእግዚአብሔር «እኔ» ላይ ሲውል አነሰ እንጂ በዛ አያሰኝም።

የዚያው አልበም የመጨረሻ ዘፈን፣ «ዓለም እየደማች ሳለ» እንበለው፣ ቅድም ላነሣሁት ጥያቄ ከፊል መልስ ነው። ስለ ዓለም መከራ ነው፤ መከራውን በአንድ ጥቅስ ሸፍኖ ለማለፍ አይቸኩልም። መዝሙር 88 በጨለማ ጀምሮ በጨለማ የሚያልቅ መዝሙር ነው፣ እርሱም ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ፓወር ሜታል እንዲህ ያለ ልቅሶ ውስጥ ለመግባት የተሠራ ቤት አይደለም፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። ባንዱ ግን እንደምንም ብሎ ምንጣፍ አንጥፎ ለቅሶ ተቀምጦበታል። ስለ 2016ቱ «ጎስት ሺፕ» ብዙ አልልም፤ ጥሩ ዜማዎች አሉት፣ «ኢስተር»፣ ማለትም «ፋሲካ» በሚል ዘፈን ይዘጋል፣ ከሁለቱ ታላላቆቹ አልበሞች ጎን ሲቆም ግን ታናሽ ወንድም ነው።

አንዳንዶቻችሁ እስካሁን በትዕግሥት ያነበባችሁት «ግን ይህ ሙዚቃ የሰይጣን አይደለም ወይ?» የሚለውን ለመጠየቅ ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ ብላክ ሜታል ከተባለው ሌላ ዘውግ ጋር የተያያዙ ወጣቶች አብያተ ክርስቲያናት አቃጥለዋል፤ ይህ ወሬ አይደለም፣ በፍርድ ቤት የታየ ነገር ነው። ስለዚህ «ሜታል» የሚለውን ቃል ሰምተው የደነገጡትን እናቶች «ኋላ ቀር» ማለት ብልግናም አላዋቂነትም ነው። ነገር ግን ጊታርና ድራም ወደ አገራችን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲገቡም ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ዛሬ ያ ጊታር በመድረኩ ላይ ያለ ምንም ጥያቄ ተቀምጧል። መሣሪያውና ፍጥነቱ ብቻውን አይፈረድበትም፣ ብቻውንም አይጸድቅም። ማን እንደሚዘምርለት፣ ምን እንደሚል፣ ሰሚውን ወዴት እንደሚወስደው ተመርምሮ ነው። ባንዱ ራሱ «ዘ ጊፍት ኦቭ ሚውዚክ» የሚል ዘፈን አለው፤ ርዕሱ ሙዚቃ ስጦታ ነው ይላል፣ ስጦታ ከሆነ ሰጪ አለው ማለት ነው። እናታችሁን ለማሳመን ግን ከዚህ ዘፈን ባትጀምሩ ይሻላል፣ ድራሙን ከቃሉ ቀድማ ነው የምትሰማው። ቃሉን ተርጉማችሁ አስቀድማችሁ አንብቡላት። (በጆሮ ማዳመጫ ስትሰሙም ድምፁን ቀንሱት፤ ጆሮም ስጦታ ነው።)

ይህን ባንድ ለዚህ መጽሔት የመረጥኩበትን ምክንያት አሁን በግልጽ ልናገር። የራሳችን መዝሙርም ከዚህ በሽታ ነጻ አይደለም። በቅርብ ዓመታት የሚወጡ አልበሞችን ስታዳምጡ ስንት ጊዜ ጠላት ወደቀ፣ በር ተከፈተ፣ ከፍታ መጣ ተብሎ እንደሚዘመር ልብ በሉ። «እኔ» አሸነፍኩ፣ «እኔ» ከፍ አልኩ፣ «እኔን» ያሉት አፈሩ። ድራሙ ቀስ ያለ ይሁን እንጂ፣ ዘንዶ ባይኖርም እንጂ፣ ይህ ፓወር ሜታል ነው! ሥራ ያጣው ወንድም፣ ፈተና የወደቀችው እህት፣ ቤተሰቡ በችግር ምክንያት የተበተነበት ልጅ በዚያ አዝማች ውስጥ የት ይቆማል? እጁን አንሥቶ አብሮ ይዘምራል፣ ነገር ግን ዘፈኑ ስለ እርሱ አይደለም። ቤቱ ሲሄድ ወይ እግዚአብሔር ረሳኝ ይላል፣ ወይ እኔ እምነት የለኝም ይላል። ይህን የሰማነው መሪዎች ሁሉ ልናስብበት የሚገባ ነገር ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ የድል መዝሙር አልነፈገንም። ዘጸአት 15 አለ፤ ሙሴና የእስራኤል ልጆች ይዘምራሉ፣ ማርያም ከበሮ ይዛ ትወጣለች። ከአንድ ምዕራፍ በፊት ግን ሕዝቡ ምን ያደርጉ እንደነበር አስታውሱ። ይጮሁ ነበር፣ በሙሴ ላይ ያጉረመርሙ ነበር፣ ወደ ግብፅ ለመመለስ ይመኙ ነበር። የታዘዙትም ዝም ብለው እንዲቆሙ ነበር። ሰይፍ አልመዘዙም፣ ባሕሩን አልከፈሉም። ከዚያ በኋላ ግን ዘመሩ፣ በሙሉ ድምፅ ዘመሩ፤ የዚያ መዝሙር ጉልበት የሚመጣው ዘማሪዎቹ አሸናፊዎች ስላልሆኑ ነው። የ«ሞዛይክ» መጨረሻ «ሬድ ሲ»፣ «ቀይ ባሕር»፣ የተባለ ወደ 19 ደቂቃ የሚወስድ ዘፈን ነው። ባንዱ ከሰባት ዓመት ዝምታ በኋላ ባወጣው አልበም ላይ እንደገና ረጅሙን መንገድ መርጧል፣ ታሪኩንም ከትክክለኛው ቦታ ወስዶታል። ከ«መስተዋቱ» ጋር እኩል ነው አልልም፤ መስተዋቱ ውስጥ አንድ ሰው አለ፣ ባሕሩ ዳር ብዙ ሕዝብ፤ ብዙ ሕዝብ ደግሞ ለመደበቅ ይመቻል። ቢሆንም ጀግና የሌለበት የድል ዘፈን በዚህ ዘውግ ውስጥ ሌላ የት ታገኛላችሁ?

ለመጀመር የምትፈልጉ «አይ ኤም»ን ስሙ፣ ከዚያ ወደ «መስተዋቱ» ሂዱ። የግጥም ጽሑፉን ከፊታችሁ አድርጉ፤ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ በኅብረታችሁ ውስጥ የሚተረጉም አይጠፋም፣ ሁለት ሰው ተከፋፍሎ ቢተረጉመው ደግሞ የተሻለ ውይይት ይወጣዋል። በኅብረት ለማድመጥ ካሰባችሁ ማስታወቂያውን አሳጥራችሁ 22ቱን ደቂቃ ሳትቆርጡ ስጡት። ሻይ ቡናውንም ከዘፈኑ በኋላ አድርጉት፤ በመካከሉ ተነሥቶ የሚወጣ አይጠፋም፣ ከወጣ ደግሞ ከመስተዋቱ ፊት የሄደው የያዕቆቡ ሰው ሆነ ማለት ነው።